ቆራሌው ሊወስዳቸው የነበሩ ጨዋታዎች

(በዕድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ስለ ቪዲዮ ጨዋታ እንናገራለን ብለን ለኮሚቴው ባስታወቅን ጊዜ ፈገግ ያሉ ነበሩ። አይፈረድባቸውም፤ ዕድር የሚሰበሰበው ስለ መዋጮ፣ ስለ ድንኳንና ስለ ብረት ድስት ነው። ነገር ግን ባለፈው ዓመት በዚሁ ስብሰባ ላይ የሰፈራችን ፕሌይስቴሽን ቤት ይዘጋልን ብለው እጅ ካወጡት መካከል እኛም ነበርንበት። ልጆች በትምህርት ሰዓት እዚያ መዋላቸውን ዛሬም እንቃወማለን። ዳሩ ግን መሣሪያውን የረገምነው ሳናየው ነው። ዕድሜያችንን በመዝገብ ቤት ስንሠራ የኖርን ሰዎች፣ ፋይል ሳይገለጥ ውሳኔ እንደማይሰጥ ማወቅ ነበረብን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጃችን ባረፈ ጊዜ ድንኳን ተክላችሁ አብራችሁን ተቀምጣችኋል፤ ብድራችሁን እግዚአብሔር ይክፈል። ከዚያ ወዲህ የልጅ ልጃችን የሚኖረው ከእኛ ዘንድ ነው። ዕድሜው 12 ነው። ሲጠየቅ «እሺ» ወይም «አይ» ከማለት በቀር አይናገርም ነበር። የአባቱን ዕቃ ስናስተካክል አንድ ጥቁር ፕሌይስቴሽን 2 ከጥቂት ሲዲዎች ጋር አገኘን። ቆራሌው በደጃችን ሲያልፍ ጠርተነው ዋጋ እስከ መነጋገር ደርሰን ነበር። ልጁ ግን መሣሪያውን ታቅፎ በሩ ላይ ቆመ፤ አንድ ቃል አልተናገረም። ቆራሌውም ባዶ እጁን ሄደ። የዚያን ዕለት ማታ ወንበር ስበን ከልጁ አጠገብ ተቀመጥን።

ከዚህ ቀጥሎ የምንጠቅሰው ዓመተ ምሕረት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። ይህ መሣሪያ በጃፓን አገር በ2000 ለገበያ ወጥቶ፣ መመረቱ እስኪያቆም ድረስ ከ160 ሚሊዮን በላይ ተሸጧል። በሰፈራችን ግን የሚታወቀው በኳስ ጨዋታው ነው። ለምን ቢባል፣ ማጫወቻ ቤቱ የሚያስከፍለው በጨዋታ ነው፤ የኳስ ግጥሚያ ደግሞ በጥቂት ደቂቃ ያልቃል። ታሪክ ያለው ጨዋታ ብዙ ሰዓት ይፈልጋል፤ የደረሱበትን የሚይዝ ሜሞሪ ካርድ የሚባል ትንሽ ዕቃም ያስፈልገዋል። እሱ ከሌለ በማግስቱ እንደገና ከሀ መጀመር ነው። ታዲያ ልጆቻችን መልካሞቹን የት ያዩአቸዋል?

መጀመሪያ ያየነው «ኢኮ» የሚባለውን ነው። ፉሚቶ ኡዌዳ የተባለ ጃፓናዊ የመራው ሥራ ሲሆን በ2001 ወጣ። ቀንድ ይዞ የተወለደ ልጅ ገደቢስ ነው ተብሎ ወና ግንብ ውስጥ ይዘጋበታል። እዚያም አንዲት ልጅ ያገኛል፤ እሱ ቋንቋዋን አያውቅም፣ እሷም የእሱን አታውቅም። ተጫዋቹ አንዲት ቁልፍ ተጭኖ ሲይዝ ልጁ እጇን ይይዛል፤ ሲለቅ እጇ ይለቀቃል። ብቻዋን ከተተወች ጥቁር ጥላዎች መጥተው ወደ ጉድጓድ ይጎትቷታል። የደረሱበትን ለማስመዝገብ ደግሞ ሁለቱ በድንጋይ መቀመጫ ላይ አብረው መቀመጥ አለባቸው። ልጁ ጆይስቲኩን ሲሰጠን ጣታችን ዛለና ለቀቅን። «አባባ፣ አይልቀቋት እንጂ! ይወስዷታል እኮ!» አለን። ከኀዘኑ ወዲህ ይህን ያህል ቃል ከአፉ ስንሰማ የመጀመሪያችን ነበር።

ይህ ጨዋታ ያወቁት ሰዎች ቢያደንቁትም ገበያው ትንሽ ነበር። በዚያው መሣሪያ ላይ የመኪናና የጠመንጃ ጨዋታዎች በብዙ ሚሊዮን ሲሸጡ፣ እሱ አንድ ሚሊዮን እንኳ ሳይሞላ ቀረ። በአሜሪካ የተሸጠበት ሽፋን ከጃፓኑ የተለየ ነበር፤ ጎድቶታል የሚሉም አሉ። ፋይልም እኮ በሽፋኑ ምክንያት ወደ ጥግ ይገፋል።

ሁለተኛው በ2006 የወጣው «ኦካሚ» ነው። በጃፓኖች ዘንድ የፀሐይ አምላክ የምትባለው በነጭ ተኩላ አምሳል ትሄዳለች። ተጫዋቹ በብሩሽ በሰማይ ላይ ክብ ሲስል ፀሐይ ትወጣለች፤ የደረቀውን ዛፍ በክብ ሲከበው ያብባል። ብዙ ተመሰገነ፤ ገዢው ግን ጥቂት ነበር። የሠራው ክሎቨር ስቱዲዮም በ2007 ተዘጋ።

ሦስተኛው በ2004 የወጣው «ካታማሪ ዳማሲ» ነው። አንድ ንጉሥ የሰማይን ከዋክብት ይሰባብራል፤ ትንሹ ልጁ ኳስ እያንከባለለ መርፌውንም፣ እርሳሱንም፣ በኋላም ላሙንና ቤቱን ሳይቀር እየለጠፈ አዲስ ኮከብ ይሠራል። በዚህ ከልጁ ጋር ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። ያን ጊዜ ወደ አውሮፓ ገበያ እንኳ አልተላከም። ይሁን እንጂ በ2012 የኒው ዮርክ ዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ከስብስቡ ውስጥ አስገባው።

ወገኖቻችን፣ ይህን ለምን እንናገራለን? ዕድራችን ሰው ሲሞት ሀብቱን ቆጥሮ ድንኳን አይተክልም፤ ለባለ ፎቁም ለተሸካሚውም ድንኳኑ አንድ ነው። የሰው ልጅ የደከመበትንም ሥራ በገበያው ብቻ መመዘን አይገባንም። ገዢ አጣ ማለት ዋጋ የለውም ማለት አይደለም።

ስለዚህ ባለፈው ዓመት ያወጣነውን እጅ ዛሬ እናወርዳለን። ኮሚቴው የማጫወቻ ቤቱን ባለቤት በትምህርት ሰዓት ልጆችን እንዳያስገባ ይነጋገርልን፤ መዝጋቱ ግን ይቅር። እናንተም ቆራሌውን ከመጥራታችሁ በፊት ሲዲዎቹ ምን እንደሆኑ ልጆቻችሁን ጠይቁ። ከሁሉ በላይ ደግሞ አንድ ማታ ወንበር ስባችሁ ከአጠገባቸው ተቀመጡ።

እኛ ኢኮን ገና አልጨረስነውም። ልጁ ብቻውን ሊጨርሰው ይችል ነበር፤ እስክንመጣ ይጠብቀናል።