በሞት ሸለቆ የሚሮጥ ሰውና የረዳቶቹ ዝግጅት



በአሜሪካ በካሊፎርኒያ ምሥራቃዊ ጠርዝ «የሞት ሸለቆ» የሚባል በረሃ ይገኛል። ከሸለቆው ሁሉ ዝቅ ያለው፥ ባድወተር የተባለው የጨው ሜዳ፥ ከባሕር ወለል በታች 86 ሜትር ነው። ከዚህ ሜዳ ተነሥቶ በዊትኒ ተራራ ጎን ላይ ወደ 2530 ሜትር ከፍታ የሚደርስ 217 ኪሎ ሜትር የአስፋልት መንገድ አለ። በየዓመቱ በጁላይ ወር ይህን መንገድ በ48 ሰዓት ውስጥ በእግራቸው ለመጨረስ የሚነሡ ሰዎች አሉ። በዚህ ንግግር የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስለ ቦታው ሙቀት ብዙ ማለት አያስፈልግም። በ1913 በፈርነስ ክሪክ የተመዘገበው 56.7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እስከ ዛሬ የዓለም ከፍተኛ የአየር ሙቀት ሆኖ ይጠቀሳል፤ አንዳንድ የአየር ጠባይ ሊቃውንት ልኬቱን ቢጠራጠሩትም ከመዝገብ አልተሰረዘም። በ1972 በዚያው ሥፍራ የመሬቱ ገጽ 94 ዲግሪ ሆኖ ተለክቷል። የሯጩ ጫማ የሚያርፈው በመሬት ላይ ነውና ከአየሩ ሙቀት ይልቅ ይህ ሁለተኛው ቁጥር የበለጠ ሊታሰብበት ይገባል።

አሁን ነገሩን መሐንዲስ እንደሚያየው ማየት ይቻላል። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው በሰዓት 8 ኪሎ ሜትር ሲሮጥ በሰዓት ወደ 480 ኪሎ ካሎሪ ያቃጥላል። ከዚህ ውስጥ ለጡንቻ ሥራ የሚውለው አንድ አምስተኛ ያህሉ ብቻ ሲሆን የቀረው ሙቀት ይሆናል፤ ይኸውም ወደ 450 ዋት መሆኑ ነው። ይህ ሙቀት መውጫ ቢያጣ የሰውየው የውስጥ ሙቀት በየ8 ደቂቃው በ1 ዲግሪ ያህል ይጨምራል። ከ37 ተነሥቶ ወደ 40 ዲግሪ ለመድረስ ግማሽ ሰዓት አይፈጅበትም።

መውጫው ምንድን ነው? በቀዝቃዛ አገር ሙቀቱ ከቆዳ ወደ አየር ይሄዳል። አየሩ 48 ዲግሪ፥ ቆዳው 35 ዲግሪ ሲሆን ግን ጉዞው ይገለበጣል። የሚነፍስበት አየር ውስጡ ካለው ውሃ የጋለ የመኪና ራዲያተር ምን እንደሚሆን ለዚህ ጉባኤ መንገር አያሻም። የሚቀረው አንድ በር የላብ ትነት ብቻ ነው። አንድ ሊትር ላብ ከቆዳ ላይ ሲተን ወደ 580 ኪሎ ካሎሪ ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ የሩጫውን ሙቀት ብቻ ለማስወጣት በሰዓት ከ600 ግራም በላይ ላብ መትነን አለበት፤ ከፀሐይና ከአስፋልቱ የሚመጣው ሲጨመርበት ከአንድ ሊትር ያልፋል። በሌላ በኩል የሰው አንጀት በሰዓት ሊያሳልፈው የሚችለው ፈሳሽ በአብዛኛው ሰው ላይ ከአንድ ሊትር እምብዛም አይበልጥም። የውድድሩ አስጨናቂ ነጥብ እዚህ ላይ ነው፤ ወጪው ከገቢው ሲበልጥ ሰዓቱ በረዘመ ቁጥር ጉድለቱ ይጠራቀማል።

የሞት ሸለቆ አየር አንድ በጎ ጠባይ አለው፤ ደረቅ ነው። ለንጽጽር የ2019ኙን የዶሃ የዓለም ሻምፒዮና ማስታወስ ይበቃል። የሴቶች ማራቶን በእኩለ ሌሊት ሲጀመር ሙቀቱ 33 ዲግሪ ገደማ ብቻ ነበር፤ የአየሩ እርጥበት ግን ከመቶ 73 ደርሶ ነበር። ከተነሡት 68 ሯጮች 28ቱ አቋረጡ፤ ከእነርሱም መካከል ሦስቱም ኢትዮጵያውያት ነበሩ። ከጥቂት ቀናት በኋላ በቀለለ አየር በተሮጠው የወንዶች ማራቶን ሌሊሳ ዴሲሳ አሸነፈ። ላብን ከቆዳ የሚያስለቅቀው የተን ግፊት ልዩነት ሲሰላ፥ 48 ዲግሪ ሙቀትና ከመቶ 10 እርጥበት ባለው በረሃ በዚያች የዶሃ ሌሊት ከነበረው ከእጥፍ በላይ ይሆናል። ይሁን እንጂ ደረቅ አየር ያታልላል። ላቡ ሳይታይ ስለሚተን ቆዳው ደረቅ፥ ልብሱም ደረቅ ነው፤ ሯጩም አላላበኝም ብሎ ያስባል።

ይህን መንገድ ለመጀመሪያ ጊዜ በሩጫ የፈጸመው አል አርኖልድ የተባለ አሜሪካዊ ነው። በ1974 ሲሞክር ከ29 ኪሎ ሜትር በኋላ ውሃ ከሰውነቱ አልቆ ከመንገድ አነሡት። በ1975 ወደ 58 ኪሎ ሜትር ሲደርስ ጉልበቱ ተጎዳ። በመካከሉም በኋላም በሳውና ውስጥ ሰውነቱን ሲያለማምድ ቆይቶ በ1977 ከባድወተር ተነሥቶ እስከ ዊትኒ ጫፍ ደረሰ፤ ጉዞው ከሦስት ቀን በላይ ፈጅቶበታል። ውድድሩ የተቋቋመው ከዚያ በኋላ በ1987 ነው።

አርኖልድ በሳውና ያገኘውን ጥቅም የሳይንስ ሰዎች በሚገባ ያብራሩታል። ሰው በየቀኑ አንድ ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ በሙቀት ውስጥ ቢሠራ ከ10 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ የደሙ ፈሳሽ ክፍል ይጨምራል፥ የልቡ ምት ይቀንሳል፥ ላቡ ቀድሞ ይጀምራል፥ በላቡ የሚወጣውም ጨው ያንሳል። ልምምዱ ሲቋረጥ ግን ይህ ሁሉ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይጠፋል። ለውድድሩ የሚዘጋጅ ሰው በክረምት ያከማቸውን ብርታት ይዞ ሊመጣ ይችላል፤ የሙቀት ልምዱን ግን ከመነሻው ቀን ጋር ማገናኘት አለበት።

ነገሩ ለዚህ ማኅበር አባላት ከስፖርት ያለፈ ትርጉም አለው። በአፋር ዝቅተኛ ምድር በዳሎል ከ1960 እስከ 1966 በተደረገው ልኬት የዓመቱ አማካይ ሙቀት 34.6 ዲግሪ ነበር፤ ይህ ሌሊቱንም ክረምቱንም ጨምሮ ነው። ከአዲስ አበባ ወርዶ በማግሥቱ በአስፋልት ማንጠፍ ሥራ ላይ የሚሰለፍ ሠራተኛ የሚከፍለው የሙቀት ሒሳብ ከሯጩ አይለይም፤ ልዩነቱ ሯጩ ወራት ሲዘጋጅ ሠራተኛው አንድ ቀን እንኳ አለማግኘቱ ነው። በሙቀት ከሚሞቱት ሠራተኞች ብዙዎቹ ሥራ በጀመሩባቸው የመጀመሪያ ጥቂት ቀናት እንደሚሞቱ በሌላ አገር የተሰበሰበው መረጃ ያሳያል። በዚህ ምክንያት የአሜሪካ የሥራ ጤና ተቋም አዲስ ሠራተኛ በመጀመሪያው ቀን ከሙሉው ሥራ አንድ አምስተኛውን ብቻ እንዲሠራ፥ ከዚያም በየቀኑ ከአንድ አምስተኛ ያልበለጠ እንዲጨመርለት ይመክራል። የሥራ መርሐ ግብር በሚወጣበት ጠረጴዛ ላይ ይህ አምስት ቀን ሲታሰብ እምብዛም አይታይም።

ወደ ሩጫው ስንመለስ፥ ውሃ ማብዛት መድኃኒት ይመስላል፤ ሆኖም ይገድላል። ደቡብ አፍሪካዊው ሐኪም ቲሞቲ ኖክስ በረጅም ሩጫ ላይ ከመጠን በላይ የጠጡ ሰዎች የደማቸው ሶዲየም ቀጥኖ እንደሚታመሙ በ1985 አስታወቀ። በ2002 በቦስተን ማራቶን ደማቸው ከተመረመረ 488 ሯጮች ከመቶ 13ቱ ሶዲየማቸው ከጤናማው መጠን በታች ሆኖ ተገኝቷል። ሕመሙ ከሙቀት ሕመም ጋር ይመሳሰላል፤ ራስ ምታት፥ ማቅለሽለሽ፥ ግራ መጋባት። ያላወቀ ረዳት እያዘነ ተጨማሪ ውሃ ያጠጣል። ለዚህ በመኪናው ውስጥ አንድ ተራ ሚዛን መኖሩ ከብዙ ምክር ይሻላል። ሯጩ ጥቂት ቢቀል የሚጠበቅ ነው፤ ከመነሻው ከብዶ ከተገኘ ግን መጠጡ መቆም አለበት።

በዚህ ውድድር ላይ በየመንገዱ የውሃ ጣቢያ የለም። እያንዳንዱ ሯጭ አንድ መኪናና ከሁለት እስከ አራት ረዳቶች ይዞ ይመጣል። መነሻው ማታ በመሆኑ የመጀመሪያው ሌሊት ያዘናጋል፤ ፀሐይ ስትወጣ ሯጩ ስቶቭፓይፕ ዌልስን አልፎ ወደ 1500 ሜትር የሚጠጋውን የታውንስ ማለፊያ ሲወጣ ወይም ሲወርድ ታገኘዋለች፤ ከዚያም የፓናሚንት ሸለቆ ይጠብቀዋል። ረዳቶቹም ያልተኙ ናቸው። እነርሱም ሙቀቱ ይነካቸዋል፤ በረዶ ሲያመላልሱ ራሳቸው መጠጣት ይረሳሉ። ከመነሻው በፊት የሥራና የመኝታ ተራ ያላወጣ ቡድን በሁለተኛው ቀን ማሰብ የማይችሉ አራት ሰዎች ይዞ ይገኛል።

ውሃ መርጨት፥ በአንገት ላይ በረዶ በጨርቅ መጠቅለል፥ ነጭ ልብስ ማልበስ ሁሉም ይጠቅማሉ። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። አንገትና ፊት ሲቀዘቅዙ ሯጩ ደህና የሆነ ይመስለዋል፥ እርምጃውንም ይጨምራል፤ የውስጡ ሙቀት ግን በዚያው መጠን አልወረደም። ቴርሞሜትሩን አቀዝቅዞ ማሞቂያው በረደ እንደ ማለት ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ማን «ይበቃል» ይላል የሚለው ነው። ሙቀት አስቀድሞ ከሚያውካቸው ነገሮች አንዱ ማስተዋል ነው፤ ስለዚህ ሯጩ ስለ ራሱ የሚሰጠው ቃል በጣም በሚያስፈልግበት ሰዓት ሊታመን አይችልም። ገንዘቡን፥ ዓመቱን፥ ስሙን ያወጣበት ሰው «ደህና ነኝ» ይላል። ረዳቶቹም ወዳጆቹ ናቸው፤ ሕልሙን ማቋረጥ አይወዱም። በመሆኑም የማቆም ሥልጣን ያለው አንድ ሰው ከመነሻው በፊት ተለይቶ፥ ምልክቶቹም ተጽፈው፥ ሯጩ ራሱ መስማማት አለበት። ቀኑ፥ የረዳቱ ስም፥ የሚቀጥለው ሥፍራ ሲጠየቅ መመለስ ካልቻለ ወይም ቀጥ ብሎ መራመድ ካቃተው ክርክር የለም። በደም ሥር ፈሳሽ የወሰደ ሯጭ ከውድድሩ ስለሚሰረዝ እስከዚያ ሳይደረስ መቆሙ በደንቡም ቢሆን ይሻላል።

ሰውየው ከወደቀ ደግሞ ቅደም ተከተሉ አስቀድሞ መታወቅ አለበት። የብዙ ሰው የመጀመሪያ አሳብ መኪና ላይ ጭኖ መሮጥ ነው። ሆኖም በዚህ በረሃ ሐኪም ቤት ሩቅ ነው፤ ከ40 ዲግሪ በላይ የጋለ አካል የሚጎዳው በእያንዳንዷ ደቂቃ ነው። በማሳቹሴትስ በሚደረገው የፋልማውዝ ሩጫ በ18 ዓመት ውስጥ በሙቀት የወደቁ 274 ሰዎች እዚያው በበረዶ ውሃ ተነክረው አንድም አልሞተም። በአፍ ወይም በብብት የሚነበበው ሙቀት ስለማያስተማምን ቁጥሩ ዝቅ ቢል እንኳ መዘናጋት አይገባም። እርዳታ ይጠራል፤ እስኪመጣም በሽተኛው ይቀዘቅዛል። ገንዳ ባይኖር አንድ ሰፊ ሸራ ይበቃል፤ ሁለት ሰዎች ጠርዞቹን ከፍ አድርገው ይይዛሉ፥ ሰውየው መሐል ይተኛል፥ ሦስተኛው ውሃና በረዶ ያፈስበታል፥ አራተኛው ራሱን ደግፎ ውሃ ወደ አፉ እንዳይገባ ይጠብቃል። ለዚህ የሚሆነው በረዶ በተለየ ሣጥን ይቀመጣል፤ ሣጥኑም ለመጠጥ ተብሎ አይከፈትም።