በአንድ ፎቶ ውስጥ ያለ የሁለት ሰው ሐቅ

(በሬዲዮ ዝግጅታችን የቀረበ ንግግር)

ቢስሚላሂ አር-ራሕማኒ አር-ራሒም። ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ የተገባ ነው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።



ፎቶ በማንሣት የሚተዳደር አንድ ወጣት ወንድማችን ከአርባ ምንጭ ደብዳቤ ልኮልናል። ሁለት ፎቶዎችን ለአንድ ነጋዴ ሸጦ ነበር። አንደኛው በጫሞ ሐይቅ ዳር፣ «የአዞ ገበያ» በሚባለው ሥፍራ፣ አዞዎች ፀሐይ ሲሞቁ ያነሣው ነው። ሁለተኛው ዶርዜ ላይ አንድ እናት ደጃቸው ተቀምጠው ጥጥ ሲፈትሉ የሚያሳይ ነው። ስምምነታቸው በቃል ነበር፤ ለአንድ ዓመት የቀን መቁጠሪያ ብቻ። ዓመቱ ካለፈ በኋላ ግን ፎቶዎቹ በፖስት ካርድ፣ በቲሸርትና በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ወጡ። ወንድማችን ሄዶ ሲጠይቅ «ገዝቼዋለሁ እኮ!» ተባለ። ጥያቄው አጭር ነው፦ «ፎቶ እንደ ሌላው ንብረት ነውን? ሐቄን ብጠይቅ በሸሪዓው ይፈቀድልኛልን?»

ወደ መልሱ ከመግባታችን በፊት አንድ ነገር እናስቀድም። ፎቶግራፍን በተመለከተ ዑለማዎች የተለያየ አቋም እንዳላቸው ይታወቃል። ያንን ዛሬ አንከፍተውም። ሐፍረተ ገላን የሚያሳይ ወይም ሰውን የሚያዋርድ ፎቶ ግን በመሸጡ የሚገኝ በረካ እንደሌለ ለማንም ሙእሚን አይሰወርም። የምንነጋገረው ስለ ተፈቀደው ሥራ ነው።

አዎን፣ ፎቶ ንብረት ነው። በእስላማዊ ትብብር ድርጅት ሥር ያለው ዓለም አቀፍ የፊቅህ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1988 በኩዌት ባካሄደው ስብሰባ ላይ ይህን ጉዳይ ተመልክቶ ነበር። የንግድ ስም፣ የንግድ ምልክት፣ የድርሰትና የፈጠራ መብቶች ዋጋ ያላቸው የባለቤቶቻቸው ሐቆች መሆናቸውን፣ ሸሪዓም እንደሚጠብቃቸውና እነርሱን መድፈር እንደማይፈቀድ ወስኗል። እንግዲህ በእጅ የማይጨበጥ ነገር ንብረት አይሆንም የሚል ሰው ይህን ያስተውል።

የአገራችን ሕግም ከዚህ አይርቅም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ፎቶግራፍን ከሚጠበቁት ሥራዎች መካከል ይቆጥረዋል። ጥበቃው ፎቶው ከተነሣበት ጊዜ አንሥቶ ለ25 ዓመት ይዘልቃል። መብቱ ሥራው ሲሠራ አብሮ የሚወለድ ነው፤ ማስመዝገብ ለማስረጃ ይረዳል እንጂ መብቱን የሚፈጥረው ምዝገባው አይደለም።

ታዲያ የነጋዴው «ገዝቼዋለሁ» ማለት ምን ላይ ነው የተሳሳተው? የታተመን ፎቶ መግዛት አንድ ነገር ነው፤ ፎቶውን የማባዛት መብት መግዛት ሌላ ነው። መጽሐፍ የገዛ ሰው መጽሐፉን ያነብበታል፣ ይሰጠዋል፣ መልሶ ይሸጠዋል እንጂ አሳትሞ አይቸበችበውም። የማባዛቱ መብት ራሱ በሁለት መንገድ ለሌላ ሊሰጥ ይችላል። አንደኛው መብቱን ማስተላለፍ ሲሆን፣ ይህ ቤትን እንደመሸጥ ነው። ሁለተኛው ፈቃድ መስጠት ሲሆን፣ ይህ ደግሞ ቤትን እንደማከራየት ነው። ወንድማችን አከራየ፤ ነጋዴው የቤት ባለቤት ሆኖ ቁጭ አለ!

ነገር ግን የወንድማችንም ጥፋት አለ። አዋጁ ማስተላለፍም ሆነ ፈቃድ መስጠት በጽሑፍ እንዲሆን ያዛል። ከአዋጁም በፊት በቁርኣን ረጅሙ አንቀጽ፣ በሱረቱል በቀራ 282ኛው አንቀጽ፣ አላህ (ሱ.ወ.) የዱቤ ውላችንን እንድንጽፍና ምስክር እንድናቆም አዞናል። መጻፍ አለመተማመን አይደለም፤ ነገ ሸይጧን በሁለት ወንድማማቾች መካከል የሚገባበትን በር አስቀድሞ መዝጋት ነው።

ውሉ ረጅም መሆን የለበትም። አንድ ገጽ ይበቃል። የትኛው ፎቶ እንደሆነ፣ ለምን አገልግሎት እንደሚውል፣ በስንት ቅጂ እንደሚታተም፣ ለምን ያህል ጊዜ እንደሚቆይ፣ ለሌላ ሰው መስጠት ይቻል እንደሆነ፣ የአንሺው ስም የት ላይ እንደሚጻፍ፣ ዋጋው ስንት እንደሆነና መቼ እንደሚከፈል ይስፈር። ሁለቱም ይፈርሙ፤ ምስክሮችም ይኑሩ። ዋናውን ፎቶ ከእጃችሁ አታውጡ። ለምርጫ የምታሳዩትን አነስ አድርጋችሁ፣ ስማችሁንም ጽፋችሁበት ላኩ።

ውድ አድማጮቻችን! ደብዳቤውን ስናነብ ግን አንድ ቦታ ላይ ቆመን ቀርተናል። አዞዎቹ ላይ አይደለም፤ አዞ ፈቃድ አይጠየቅም። የቆምነው እኒያ ጥጥ የሚፈትሉት እናት ላይ ነው። ወንድማችን ስለ እርሳቸው ፈቃድ አንድ ቃል አልጻፈም። እርሱ ፎቶው ያለ ፈቃዱ ተሸጠበት፤ የእርሳቸውስ መልክ?

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 27 የአንድን ሰው ፎቶ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ በአደባባይ ማሳየት፣ ማባዛት ወይም መሸጥ እንደማይቻል ደንግጓል። ፎቶው ያለ ፈቃዱ የወጣበት ሰው እንዲቆምለት መጠየቅ ይችላል፤ ፍርድ ቤትም ካሳ ሊወስንለት ይችላል። ይህ ነገር ዶርዜ ድረስ የሚያስኬድ ብቻ አይደለም፤ እኛም ቤት ይገባል። የልጃችንን የሠርግ ፎቶ ሳያስፈቅድ አጉልቶ መስታወቱ ላይ የሚለጥፍ ፎቶ ቤት አለ። በሴቶች መካከል፣ ያለ ሒጃብ የተነሣ ፎቶ ሰው ሁሉ በሚያየው የስልክ ገጽ ላይ የሚወጣበት ጊዜ አለ። ወላጆች ሆይ! ፎቶ አንሺ ስትቀጥሩ ፎቶዎቹ ለማስታወቂያ እንዳይውሉ በውሉ ላይ አስጽፉ።

ሕጉ ፈቃድ የማይጠይቅባቸው ሁኔታዎችም አሉ፤ የሕዝብ ጥቅም ያለበት ወይም በአደባባይ የተፈጸመ ክንውን ከእነዚህ አንዱ ነው። በመስከረም 2011 በቡራዩ የጋሞ ተወላጆች በተገደሉ ጊዜ አርባ ምንጭ ላይ ወጣቶች ለበቀል ተነሥተው ነበር። የጋሞ ሽማግሌዎች ለምለም ሣር ይዘው፣ ከፊታቸው ተንበርክከው ቁጣውን አበረዱት። የዚያን ቀን ፎቶ ማየቱ ለሁላችንም ትምህርት ነበር፤ መውጣቱም ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ ፎቶውን ለሌላ ስናስተላልፍ «ማን አነሣው?» ብለን የጠየቅን ስንቶቻችን ነን? የተነሡት ሰዎች ፈቃድ ባያስፈልግም እንኳ የአንሺው ሐቅ በቦታው አለ።

አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱ አን-ኒሳእ 29ኛው አንቀጽ የሰው ገንዘብ ያለ አግባብ መብላትን ከልክሎ፣ በመዋደድ የሚደረግን ንግድ ፈቅዷል። መዋደዱ የሻጭና የገዢ ብቻ ሆኖ የሚቀር ከሆነ፣ መልካቸው የተሸጠው ሰው የት ሊገቡ ነው? ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) የአማኝን እምነት ለራሱ የሚወደውን ለወንድሙ ከመውደዱ ጋር አያይዘው አስተምረውናል።

ስለዚህ ወንድማችን ሆይ! ሐቅህን ጠይቅ፤ ይፈቀድልሃል። ከፍርድ ቤት በፊት ግን ሁለት ሽማግሌ ይዘህ ወደ ነጋዴው ሂድ፤ ያለህበት አገር የሽምግልና አገር ነው። ከዚያም በፊት ደግሞ ሽቅብ ወደ ዶርዜ ውጣ። እኒያን እናት ፈልገህ ፎቶውን አሳያቸው። ምን እንደተደረገ ሳትደብቅ ንገራቸው፤ አውፍ እንዲሉህ ጠይቃቸው፤ ካገኘኸውም ገንዘብ ድርሻቸውን ስጥ። ይውረድልኝ ካሉ እንዲወርድ አድርግ። የእርሳቸውን ሐቅ መልሰህ ስትመጣ ነጋዴው ፊት የምትቆመው አንገትህን ቀና አድርገህ ነው።

አላህ ሪዝቃችንን ሐላል፣ ንግዳችንን በረካ ያለበት ያድርግልን። የሰው ሐቅ በአንገታችን ላይ ተሸክመን ፊቱ ከመቆም ይጠብቀን። አሚን!

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።