የትኬቱን ፊደል እንወቅ


እህቶቼ፣ ማዳሜ ወረቀት ሰጥታኝ «ይኸው ትኬትሽ» ስትለኝ እልል ብዬ ሻንጣዬን ይዤ ኤርፖርት ሄድኩ። መለሱኝ። ለካ ወረቀቱ ላይ ያለው ፒ ኤን አር ብቻ ነበር። እሱ ስድስት ፊደልና ቁጥር ያለው የቦታ መያዣ ነው፤ ገንዘቡ ካልተከፈለ ይሰረዛል። የተቆረጠ ትኬት ግን ባለ 13 አሃዝ የትኬት ቁጥር አለው። እሱን ፈልጉ።

ኤ ዲ ዲ አዲስ አበባ፣ ቢ ኢ ዋይ ቤይሩት ነው። «2 ፒ ሲ» ሁለት ሻንጣ ማለት ነው፤ ኪሎውን ጠይቁ።

እኔ ፊደሉን ማንበብ እችል ነበር፤ ትርጉሙን ግን አፍሬ አልጠየቅሁም። እናንተ ጠይቁ። የምታውቅም ለማታውቀው ታንብብላት።

እመቤታችን ለአገራችን መሬት ታብቃን።