የጣና ዓሣና የእኛ ወንዞች
(በቆሰበር በተማሪዎች ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ስለ ዓሣ ለመናገር በመነሣቴ፥ «ቆሰበርን ከዓሣ ጋር ምን አገናኘው?» የሚል ሰው አይጠፋም ይሆናል። ነገር ግን ከደጋችን ከሚወርዱት ጅረቶች ከፊሎቹ ግልገል ዓባይን ይቀላቀላሉ፤ ግልገል ዓባይም ወደ ጣና ይገባል። ስለዚህ እኛ በላይ የምንሠራው ሁሉ በታች ይደርሳል።

በጣና «ነጭ ዓሣ» እየተባለ የሚጠራ ወገን አለ። ሊቃውንት መርምረው 15 ያህል ዓይነቶች እንዳሉት ገልጸዋል፤ አብዛኞቹም ከጣና በቀር በሌላ ሥፍራ አይገኙም። ከእነዚሁ ከፊሎቹ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ እንቁላላቸውን ለመጣል ወደ ወንዞች ይወጣሉ። እንቁላሉም ንጹሕ ውሃ በሚያልፍበት ጠጠር መካከል ይፈለፈላል።

ጥፋቱ የሚበረታው በዚሁ ወራት ነው። አንዱ በወንዙ አፍ መረቡን ይዘረጋል፤ ሌላው የብርብራ ፍሬ ወቅጦ በውሃው ይበትናል፤ ይህም መርዝ ትልቁን ከትንሹ ሳይለይ ይፈጃል። ከታረሰው ተዳፋት የሚወርደው ደለል ደግሞ ጠጠሩን ይሸፍነዋል። በሞተር ጀልባ ማጥመድ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1986 ተጀመረ፤ ከ1991 እስከ 2001 ባለው ጊዜም ነጭ ዓሣ ከአራት እጅ ሦስቱን ያህል መቀነሱ ተመዝግቧል።

ለዘር ያስቀመጠውን እህል ቆልቶ የሚበላ ገበሬ ለከርሞ ምን ይዘራል? እንቁላል የያዘችውን ዓሣ በወንዝ አፍ የሚይዝም እንዲሁ ነው።

«ድኻው አጥማጅ ታዲያ ምን ይብላ?» ቢባል፥ ጥያቄው ተገቢ ነው። በእነዚያ ወራት ከወንዞቹ አፍ ርቆ በሐይቁ ውስጥ ቀረሶ ቢያጠምድ፥ የዕለት እንጀራው ሳይቋረጥ የልጆቹም ሲሳይ ይጠበቃል።

የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ በ1995 ዓ.ም. ወጥቷል፤ ዩኔስኮም ጣናን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2015 በዓለም ከሚጠበቁት የሕይወት ክልሎች መዝገብ አግብቶታል። ይሁን እንጂ አዋጅ በየጅረቱ ዳር ዘብ ሊያቆም አይችልም። ዘቡ በወንዙ ዳር የሚኖረው ሰው ነው።

እንግዲህ ጓደኞቼ ሆይ፤ ብርብራ በወንዝ እንዳይበተን፥ የወንዝ ዳር ሣርና ዛፍ እንዳይመነጠር፥ ተዳፋቱም ያለ እርከን እንዳይታረስ፥ በየቤታችሁ ለአባቶቻችሁና ለወንድሞቻችሁ እንድትነግሩ አደራ እላለሁ።