ጠባብ የፍሳሽ ቧንቧ ሳይቈፈር ስለሚታደስበት ዘዴ



ከመንገድ በታች የተቀበረ የፍሳሽ ቧንቧ ሲሰነጠቅ ቀድሞ የሚታወቀው መላ መንገዱን ሰብሮ መቈፈር ነበረ። ኤሪክ ዉድ የተባለ እንግሊዛዊ መሐንዲስ ግን እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1971 ዓ.ም. በለንደን ከተማ ሌላ መንገድ አሳየ። ይኸውም በሙጫ የተነከረ ረዥም የጨርቅ ቱቦ ወደ አሮጌው ቧንቧ አስገብተው ከግድግዳው ጋራ ካጣበቁት በኋላ፤ ሙጫው ጠንክሮ በአሮጌው ሆድ ውስጥ አዲስ ቧንቧ እንዲሆን ማድረግ ነው። ዛሬ ሙጫው የሚጠነክረው በሙቅ ውሃ፤ በእንፋሎት ወይም በአልትራቫዮሌት ብርሃን ነው።

ያን ጊዜ የታደሰው ቁመቱ ከአንድ ሜትር የሚበልጥ የጡብ መስመር ነበረ። እኛ የምንነጋገረው ግን ስፋቱ ከ100 እስከ 150 ሚሊሜትር ስለሚሆነው ጠባብ ቧንቧ ነው። ትንሽ ስለ ሆነ ሥራው የሚቀል ይመስላል፤ ነገሩ ግን ተቃራኒው ነው።

ውፍረቱ 3 ሚሊሜትር የሆነ ሽፋን ከ600 ሚሊሜትር ቧንቧ የሚወስደው የመተላለፊያ ቦታ ከመቶ 2 እጅ ያህል ሲሆን፤ ከ100 ሚሊሜትሩ ግን ከመቶ 12 እጅ ያህል ይወስዳል። እርግጥ የአዲሱ ገጽ ልስላሴ ጉድለቱን በከፊል ያካክሳል። ይልቁንም የሚያሠጋው ቧንቧው በሚታጠፍበት ስፍራ ጨርቁ መጨማደዱ ነው። በሰፊው ቧንቧ ውሃው የሚዘለው ሽብሽብ፤ በጠባቡ ወረቀትና ቅባት እየያዘ መዝጊያ ይሆናል።

ከሁሉ የሚከፋው ግን ሽፋኑ በመንገዱ ያገኛቸውን የቅጥያ ቧንቧዎች አፍ ሁሉ መድፈኑ ነው። በሰፊ መስመር ካሜራ ያለበት መቍረጫ መሣሪያ ገብቶ ይከፍታቸዋል፤ በጠባቡ ግን ብዙው መሣሪያ አይገባም። ስለዚህ እያንዳንዱ አፍ አስቀድሞ በካሜራ ታይቶ ርቀቱ ካልተመዘገበ፤ የተረሳው ቤት ባለቤት ነገሩን የሚያውቀው በማግሥቱ ቆሻሻው ወደ መታጠቢያ ቤቱ ሲመለስ ነው። እኔ በበኩሌ፤ ኋላ ቀር ቢያሰኘኝም፤ ቅጥያው ያልታወቀና ጥልቀት የሌለው አጭር መስመር ሲሆን ዶማና አካፋ ይሻላል ባይ ነኝ።

ደግሞም ሙጫው አንዴ ከማጠንከሪያው ጋራ ከተቀላቀለ ሠራተኛውን አይጠብቅም። ከመሬት የሚሰርገው ውሃ ያጥበዋል፤ ያቀዘቅዘዋልም። አንዳንዱ ዓይነት የሚያወጣው ብርቱ ሽታ ሲፎኑ በደረቀ ቤት ሁሉ ይገባልና፤ ነዋሪዎች በሥራው ዋዜማ እምብዛም በማይጠቀሙበት የወለል ማፍሰሻ ሁሉ ውሃ እንዲጨምሩ አስቀድሞ ሊነገራቸው ይገባል።