ራስን መከላከልን ከመጽሐፍ ስንማር ያየነው

(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ባለፈው ስብሰባ «እነዚያ ሰባት ሴቶች ቅዳሜ ቅዳሜ በር ዘግተው የሚጮኹት ምን ሆነው ነው?» ተብሎ ተጠይቆ ነበር። ዛሬ መልሱን ይዘን ቀርበናል።

ነገሩ የጀመረው እንደምታውቁት ከመዋጮው ገንዘብ ነው። የወሩን ሰብስበን፣ ሁለት ሆነን፣ ጠዋት በሦስት ሰዓት ሰው በሞላበት መንገድ ወደ ባንክ ስንሄድ አንድ ጎረምሳ ከኋላ መጥቶ ቦርሳውን ያዘ። እኛ ደግሞ እንዳይነጥቁን ብለን ማንገቻውን በእጃችን አንጓ ላይ ሁለት ዙር ጠምጥመነው ነበር። ቦርሳው አልሄደም፤ ሂሳቡም አንድ ሳንቲም አልጎደለም። እጁ ግን ወለም ብሎ፣ ወጌሻ ቢያሸውም ሦስት ሳምንት በፋሻ ታስሮ ከረመ። የዚያን ወር መዝገብ ስታዩ ጽሕፈቱ የሕፃን የሚመስለው በግራ እጅ ስለጻፍነው ነው። ገንዘቡን ስላዳናችሁ ብላችሁ አመስግናችሁናል። እውነቱን ለመናገር ግን ያን ቀን ያደረግነው ሁሉ ስህተት ነበር። ልጁ ቢላዋ ይዞ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ይህን ንግግር የሚያቀርብ ሌላ ሰው ይሆን ነበር።

አሰልጣኝ ለመቅጠር አቅም አልነበረንም። የስፖርት ቤቶቹም ሰዓት ሥራና ልጅ ላላት ሴት የሚሆን አልነበረም። ስለዚህ ወደ መጽሐፍ ሄድን። ሁለት አገኘን። አንዱ መንገድ ዳር ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጭ የገዛነው፣ ሽፋኑ የተገነጠለ የካራቴ መጽሐፍ ነው። ሁለተኛውን የአንዷ አባላችን ልጅ ከኮምፒውተር አውጥታ አተመችልን፤ ዊሊያም ፌርቤርን የሚባል በሻንጋይ ከተማ ፖሊስ ለረጅም ዓመታት ያገለገለ እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1942 በተለይ ለሴቶች ያዘጋጀው ነው። እጅ ሲያዝ፣ አንገት ሲታነቅ፣ ከኋላ ሲታቀፉ ምን እንደሚደረግ አንድ በአንድ ያሳያል። በጃንጥላ ስለመከላከል ሳይቀር ክፍል አለው። ጃንጥላ ለፀሐይም ለዝናብም ከእጃችን ስለማይለይ ያንን ገጽ ቶሎ ወደድነው።

«ይህ ደግሞ የሴት ሥራ ነው ወይ?» ላሉን እናታችን አንድ ነገር እንንገራቸው። ከመቶ ዓመት በፊት ለንደን ውስጥ ኢዲዝ ጋሩድ የምትባል ቁመቷ አንድ ሜትር ከሃምሳ ያህል የሆነች ሴት የጃፓኑን ጁጂትሱ ታስተምር ነበር። የመምረጥ መብት ይጠይቁ የነበሩት ሴቶች መሪያቸውን ኤመሊን ፓንክኸርስትን ከፖሊስ ለመከለል እ.ኤ.አ. በ1913 ወደ ሠላሳ የሚሆኑ ጠባቂዎች ሲያደራጁ፣ ያሠለጠነቻቸው እሷ ናት። ስለዚህ እማማ፣ እኛ የመጀመሪያዎቹ አይደለንም።

የመጀመሪያው ትምህርታችን እጅን ማስለቀቅ ነበር። አነባበቡ ቀላል ነው። ሰው አንጓችሁን ሲይዝ አራቱ ጣቶቹ በአንድ ወገን፣ አውራ ጣቱ በሌላ ወገን ይሆናሉ። የሚገናኙበት ቦታ የመያዣው ደካማ ጎን ነው። ስለዚህ ወደ ኋላ አይጎተትም፤ እጅን በአውራ ጣቱ በኩል አዙሮ፣ ክርንን ወደ ያዘው ሰው አጥፎ ማውጣት ነው። ሞከርን፤ ወጣ! አሥር ጊዜ ሞክረን አሥር ጊዜ ወጣ። ያን ቀን ቡና አፍልተን፣ አሁን ማን ይነካናል እያልን ስንስቅ አመሸን።

በሁለተኛው ሳምንት ዳቦ ቤት የምትሠራው እህታችን፣ ሊጥ የለመደ እጇን ታውቁታላችሁ፣ «እስካሁን የምንለቃቀቀው ስለምንዋደድ ነው እኮ» አለችን። አንዷን ያዘችና አልለቅም አለች። ሁላችንም ተራ በተራ ገባን፤ ከእጇ የወጣች የለችም። የሂሳብ ሰው ሁሉን መመዝገብ ይወዳልና ከዚያ ቀን ጀምሮ ደብተር ያዝን። ያዥዋ ሳትራራ ስትይዝ፣ ከአሥር ሙከራ ስንቱ ይሳካል? ሁለቱ። በሚቀጥለው ቅዳሜም ሁለቱ። ወሩ አልቆ ሁለቱ ሦስት አልሆነም።

በዚያ ላይ ከካራቴው መጽሐፍ ሰው ጠልፎ መጣል እንሞክር ብለን አንዷ እህታችን ሲሚንቶ ላይ በክርኗ ወደቀች። በፎቶው ላይ ያሉት ሰዎች ባዶ እግራቸውን፣ በነጭ ልብስ፣ ወፍራም ምንጣፍ ላይ ናቸው። እኛ ቀሚስ ለብሰን፣ ነጠላ አንገታችን ላይ ጠምጥመን፣ ሲሚንቶ ላይ ነን። ነጠላው ራሱ ለያዥ ማነቂያ እንደሚሆን ያወቅነውም ያን ቀን ነው። ፍራሽ በሌለበት ቤት ሰው መጣል አይሞከርም። ይህን አጥብቀን እንነግራችኋለን።

መጽሐፉን ልንተወው ስንል አንዷ አባላችን ጎረቤቷን፣ ቴኳንዶ የምታሠለጥን ወጣት ሴት፣ ለአንድ ከሰዓት በኋላ ለምና አመጣችልን። ልጅቷ ስንታገል ጥቂት አየች፣ ከዚያ መጽሐፉን ተቀበለችንና «የሰውየው እግር የት አለ?» አለች። አየን። እግር የለም! ፎቶ አንሺው እጁ በደንብ እንዲታይ ብሎ ከወገብ በታች ቆርጦታል። «እጁን ሲያዞር እኮ አንድ እርምጃ ወደ ጎን ወጥቷል። የሚያስለቅቀው ክንዱ ሳይሆን የገላው ክብደት ነው» አለችን። አንድ ወር ሙሉ በክንድ ጉልበት ብቻ ስንታገል ነበር። እርምጃውን ስንጨምር በዚያው ቀን ከአሥር አምስት ሆነ። ከዳቦ ቤቷ እህታችን እጅ ዛሬም አንወጣም። አሠልጣኟ ለእሱም መላ ነገረችን፦ እጅ አልወጣ ካለ በቀረው እጅ የመዳፍን የታችኛውን ወፍራም ክፍል ወደ አገጭ መስደድ፣ ቅልጥም መርገጥ፣ ከዚያ ሩጫ። በቡጢ አይደለም፤ ያልለመደ ቡጢ አጥንት ሲመታ የሚሰበረው የመቺው እጅ ነው፣ በተለይ በትንሿ ጣት በኩል ያለው።

ከሁሉ የከበደን ግን ጩኸቱ ነው። መጽሐፍ «ጩኹ» ይላል። ምን ብለን? «ልቀቀኝ!» ስትሉ የሰማ መንገደኛ የባልና ሚስት ጠብ ነው ብሎ ያልፋል። ይህ ግምት አይደለም፤ ከመካከላችን በሁለቱ ላይ ደርሷል። «ሌባ!» ሲባል ግን ባለሱቁም ባለባጃጁም ይወጣል። «አላውቅህም!» የሚለውም ጥሩ ነው፤ ለሰሚው ነገሩን ይለይለታል። ቃሉን መረጥን፣ ድምፁ ግን እምቢ አለ። ሰባት ጎልማሳ ሴቶች ቆመን ከአንዳችንም ጉሮሮ የሚረባ ጩኸት አልወጣም። ሴት ድምፅዋ ከደጅ አይሰማ እየተባልን ነዋ ያደግነው! ያስተማሩን በሰርጉ ሁሉ እልልታውን የሚመሩት እናታችን ናቸው። «ከጉሮሮ አይደለም፣ ከሆድ ነው» አሉና አንድ ጊዜ ለቀቁት። ጎረቤት በር ያንኳኳው ያን ጊዜ ነው። ይቅርታ ጠየቅን፣ ግን ደስ ብሎን ነበር። ሰው መጣ ማለት ነዋ።

ስለ ሕጉም ጠይቃችሁናል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕጋችን በአንቀጽ 78 ሕጋዊ መከላከልን ይፈቅዳል፤ ጥቃቱ ከሕግ ውጭ የሆነ፣ የደረሰ ወይም ሊደርስ የተቃረበ፣ በሌላ መንገድ ሊያስቀሩት የማይቻል ከሆነና መከላከሉ ከአደጋው ጋር የተመጣጠነ ከሆነ። አንቀጽ 79 ደግሞ ስለ ልክ ያለፈ መከላከል ነው። በእኛ አነጋገር፣ ለቆ የሚሸሽን ሰው ተከትሎ መደብደብ መከላከል አይባልም።

ገንዘቡን በተመለከተ የተሻለውን ጥበቃ ያገኘነው ከካራቴ አይደለም። አሁን አብዛኞቻችሁ መዋጮውን በቀጥታ ወደ ማኅበሩ ሂሳብ ታስገባላችሁ፤ እኛ የምንይዘው ጥቂት ነው፣ ሰዓቱንም እንለዋውጣለን። ማንገቻም አንጠመጥምም። ከተያዘ ይሂድ፤ ቦርሳ ከእጅ አይበልጥም።

ስለ ሥልጠናና ስለ ወረቀት ያነበብነውን አንድ ቁጥር እንጥቀስ፤ ያለ ቁጥር አንሄድም። በካናዳ በሦስት ዩኒቨርሲቲዎች 893 ሴት ተማሪዎች ላይ የተደረገ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2015 ታትሟል። ግማሾቹ የ12 ሰዓት ሥልጠና ወሰዱ፣ ግማሾቹ የሚነበብ ጽሑፍ ተሰጣቸው። በአንድ ዓመት ውስጥ የመደፈር አደጋ የደረሰባቸው ጽሑፍ ከተሰጣቸው ከመቶ 9.8፣ ከሠለጠኑት ከመቶ 5.2 ሆኑ። ሥልጠናው ያተኮረው ደግሞ ጨለማ ውስጥ በሚጠብቅ እንግዳ ላይ ሳይሆን ሴቶቹ በሚያውቁት ሰው ላይ ነበር።

ይህን ያነበብነው በኋላ ነው። ከዚያ በፊት አንዷ እህታችን፣ ማን እንደሆነች አትጠይቁን፣ ፈቅዳልን ነው የምንናገረው፣ መጽሐፉን ስናገላብጥ ቆይታ «የእኔን እጅ የሚይዘው የመንገድ ሰው አይደለም። የእኔ ገጽ ስንተኛው ነው?» አለች። ፈለግን። በሁለቱም መጽሐፍ የለም። ያን ቅዳሜ ልምምድ አልሠራንም።

መታወቂያዋና የልጆቿ የልደት ወረቀት ዛሬ ከእኛ በአንዷ ቤት ናቸው። ትንሽ ገንዘብም አለ። በስልክ ወይም በልጅ የምትልክብን አንድ ቃል ተስማማን፤ ቃሉን እዚህ አንናገርም። አንድ ምሽት ላከችው። አራት ሆነን ሄድን፣ «ቡና ልንጠጣ መጣን» አልን፣ እስከ አራት ሰዓትም ተቀመጥን። ሰውየው አንድ ቃል አልተናገረም። በሚቀጥለው ቀን ከእሷ ጋር ወደ ወረዳው የሴቶች ጉዳይ ሄደናል፤ ነገሩ ገና አላለቀም።

አሠልጣኟ በወር ሁለት ቅዳሜ ልትመጣልን ተስማምታለች፤ የምንከፍላት ከየኪሳችን እንጂ ከማኅበሩ ካዝና አይደለም። መምጣት የምትፈልጉ ከቀኑ በዘጠኝ ሰዓት ጫማችሁን ዝቅ ያለ አድርጋችሁ፣ አሮጌ ነጠላ ይዛችሁ ኑ፤ በነጠላ ስትያዙ ምን እንደምታደርጉ እንለማመዳለን። ፍራሽ ያላት ብታውሰን ደስ ይለናል። የመጽሐፉ ፎቶ ኮፒ ሁለት ቅጂ ከመዝገቦቹ ጋር ቁም ሣጥን ውስጥ አለ፤ ፈርማችሁ መውሰድ ትችላላችሁ። እግሩ በተቆረጠባቸው ገጾች ላይ እግሩን በእርሳስ ሥለንበታል።