የመኪና ባትሪን ቮልቴጅ አሳድጎ መብራት ስለ ማብራት

በሚገባ የተሞላ የመኪና ባትሪ በዕረፍት ላይ ሳለ 12.6 ቮልት ገደማ ይሰጣል፤ በተከታታይ የተያያዙ 10 ነጭ ኤልኢዲዎች ግን 30 ቮልት ያህል ይሻሉ። ልዩነቱን የሚሞላው ማሳደጊያው ነው፤ ትራንዚስተሩ ሲያስተላልፍ ጥቅል ሽቦው ጉልበት ያከማቻል፣ ሲያቋርጥ በባትሪው ላይ ደርቦ ወደ መብራቱ ይገፋዋል። በነጻ የሚገኝ ነገር ግን የለም፤ 20 ዋት ለማብራት፣ ብቃቱ 90 በመቶ ቢሆን፣ ከባትሪው 22 ዋት ይቀዳል።

አሳሳቢው ሌላ ነው። ባትሪው ሲደክም ማሳደጊያው ብርሃኑን ሳያደበዝዝ ይብሱን ብዙ ፍሰት ይስባል፤ ስለዚህም በገጠር ጤና ጣቢያ በሌሊት የምታዋልድ ባለሙያ ብርሃኑ ድንገት እስኪጠፋ ድረስ ምልክት አታይም። ለሞተር ማስነሻ የተሠራ ባትሪ ደግሞ ደጋግሞ ሲሟጠጥ ሰሌዳዎቹ በሰልፌት ይደድራሉ። እንግዲህ 12 ቮልት ግድም ሲደርስ አስጠንቅቆ፣ ጥቂት ቆይቶ የሚያቋርጥ ክፍል ያልተጨመረበት ማሳደጊያ፣ ምንም ደምቆ ቢያበራ፣ ከሠሪው እጅ ሊወጣ አይገባውም።